ይዞኝ ለቆኛል

ራስ ምታቱ የጀመረኝ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ጥሩ ቀን ሆኖ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ካለው ግን አንዳንዱን ከሕልም መለየት ያቅተኛል፤ ስለዚህ ያየሁትንና ሰዎች ኋላ የነገሩኝን ለይቼ ለመጻፍ እሞክራለሁ። የምጽፈው ተስቦ ቤታቸው ለገባባቸው ሰዎች ነው። መጻፍ አልለመድሁም። በትምህርት ቤት የጻፍሁት መምህሩ የሚያነበውን ብቻ ነው።

ወንድሜ ተሰማ በአዳማ ባቡር ጣቢያ ለባቡሩ ውሃ ይሞላ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነበር የምለው። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ አዲስ አበባ ያስተማረኝ እሱ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ወደ እሱ የወረድሁት ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ነው። በሦስተኛ ማዕረግ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነበር። አንድ ገላው የሚያቃጥል ሰውዬ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ተኛ። አሳዘነኝ፤ አልቀሰቀስሁትም። ይህን የምጽፈው ኋላ ያከመኝ ሐኪም ከታመመ ሰው አጠገብ ተቀምጬ እንደ ሆነ አጥብቆ ስለ ጠየቀኝ ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ነበር። አዳማ ያን ጊዜ ትንሽ ናት፤ ጣቢያው፣ የነጋዴዎቹ የቆርቆሮ መጋዘኖች፣ ጥቂት የጭቃ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና ነጭ አቧራ። አቧራው እየተሽከረከረ ተነሥቶ እንደ ሰው ቆሞ ይሄዳል። ባቡሩ ከላይ መጣ። ጋሼ የሸራውን ቱቦ በብረት እግር ከቆመው የውሃ ጋን ጎትቶ ሰጠውና ጎኑን እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገው።

«ጠጣ» አለው። «እስከ አዋሽ ሩቅ ነው።»

ነጂው ሳቀ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከባቡሩ ጎን ቧንቧ ከፍቶ የፈላ ውሃ በላምባ ጣሳ ሞላልን። ልብሳችንን የምናጥበው በዚህ ውሃ ነበር። ጣሳውን በእንጨት አንጠልጥለን፣ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን፣ በእንፋሎቱ መካከል ወደ ቤት ሄድን። ያቺ መንገድ አሁንም በሕልሜ ትመጣለች። ጣሳው አይከብድም፤ መንገዱም አያልቅም።

ደጃችን ላይ ወተት የሚያመጡልን አዴ ጫልቱ ቆመው ነበር።

«አካም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን። ከዚያ ቀን በፊት አላገኙኝም ነበርና እኔን እያዩ ጋሼን በአማርኛ ጠየቁት። «የተማረው ወንድምህ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው» አለ ጋሼ።

«ምን ተማረ?»

«የፈረንጅ ቋንቋ።»

«ላም ማለብስ?»

«እሱን ገና ነው።»

«ታዲያ ምኑን ተማረ» አሉና ወተቱን ገለበጡልን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የድንቁ ደጃፍ እሾህ ተጋርዷል።»

ተስቦ የገባበት ቤት ደጃፍ ላይ የግራር እሾህ ይጋረዳል። እሾሁን መሻገር የሚችለው በሽታው ቀድሞ ይዞ የለቀቀው ሰው ብቻ ነው፤ አንዴ የለቀቀውን ዳግም አይነካውም ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ውሃና እህል ከእሾሁ ወዲህ ይቀመጣል። በሽተኛው መነሣት ከቻለ ይወስዳል።

አቶ ድንቁ ቆዳ ነጋዴ ናቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ቆዳ ከመጋዘናቸው ጠፋባቸውና ጋሼን ከሰሱት። በአገራችን ሕግ ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሁለቱ አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ ሜዳ ሲወጡም አብረው ወጡ። በመጨረሻው ቀን ቆዳው በስሕተት በሌላ ፉርጎ ተጭኖ ሞጆ ተገኘ። ሰንሰለቱ ተፈታ። አቶ ድንቁ ይቅርታ ሳይጠይቁ እጃቸውን እያሹ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጋሼን መንገድ ላይ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ያን ጠዋት የአቶ ድንቁ ደጃፍ ስንደርስ ሰው ራቅ ብሎ ቆሟል። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ አሽከሮቹ ሸሽተዋል። ከውስጥ የማቃሰት ድምፅ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ «ይዞ የለቀቀው ሰው የለም?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ እሾሁን ረጅም ጊዜ አየ። መዳፉን በልብሱ ጠረገ። ላብ መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

«እኔ አለሁ» አለ። «በልጅነቴ ይዞኝ ለቆኛል።»

አዴ ጫልቱ ክንዱን ያዙት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰው እኮ በሰንሰለት ያሰረህ ነው።»

«ለዚህ ነው የሚቀለኝ» አለ። «በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ፣ መቼ ውሃ እንደሚጠማቸው ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? ሲያንኮራፉ እንኳ የት ላይ እንደሚነኩ አውቃለሁ።»

ሰው ሳቀ። እሱም እየሳቀ ተሻገረ። ውሃ አጠጥቷቸው ሲመለስ መንገድ ላይ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የያዘህ?»

«አንተ ሳትወለድ።»

አመንሁ። ለምን አላምንም?

ከቀትር በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። ከቅንድቤ በላይ ነው። ብርሃን አስጠላኝ። ማታ አንቀጠቀጠኝ። በማግሥቱ መነሣት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ነው። ውሃ ጠጣሁ። አስመለሰኝ። ጣሪያው ራቀ። እግሬ ሌላ ቤት ውስጥ ያለ መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ደረቴ ላይ ሽፍታ ወጣ። ስሜን ረሳሁ። ጋሼ «ካሣዬ» ሲለኝ ማንን እንደሚጠራ ለማየት ዘወር እል ነበር።

ጋሼ አቶ ድንቁን በጀርባው አዝሎ ወደ ቤታችን አመጣቸው። «ሁለት እሳት ከማንደድ አንድ ይሻላል» አለ አሉ፤ አዴ ጫልቱ ናቸው የነገሩኝ። በእኛም ደጃፍ እሾህ ተጋረደ። ወንድሜን ያሰሩት ሰውዬና እኔ በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተኛን። በቅዠቴ ከእሳቸው ጋር በሰንሰለት ታስሬ በነጭ አቧራ ውስጥ እሄዳለሁ። ሰንሰለቱ ከውሃ የተሠራ ነው። እሳቸው ሲቆሙ እቆማለሁ። ባቡሩ ከሩቅ ይመጣና ሰንሰለታችንን ይጠጣዋል፤ ጋሼም «ጠጣ፣ እስከ አዋሽ ሩቅ ነው» ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ከእሾሁ ወዲያ «ወተት» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ይህ ሕልም አልነበረም። አዴ ጫልቱ አንድም ቀን አልቀሩም።

በሳምንት አንድ ቀን በባቡር የሚወርድ ሐኪም ነበር። የውጭ አገር ሰው ነው። እሾሁን እንደ ጭራሮ ገፍቶ ገባ። ቴርሞሜትሩን ብብቴ ውስጥ ከተተ፤ ደረቴን አየ።

«ቲፉስ ነው» አለ። «በእጅ አይተላለፍም። በትንፋሽ አይተላለፍም። ቅማል ነው የሚያመላልሰው። ልብሱን ሁሉ ቀቅል። የማይቀቀለውን አቃጥል።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ጋሼ።

«ያንተስ ልብስ?»

«እኔን ይዞኝ ለቆኛል።»

«አንዳንድ ጊዜ ይደግማል። ቅያሪ አለህ?»

«አለኝ።»

ቅያሪው አቶ ድንቁ ላይ ነበር። የእሳቸው ልብስ በቅማል የተሞላ ስለ ነበረ አቃጥሎት ነበር። ነጂው በየቀኑ ጣሳውን ይሞላለታል፤ ጋሼም የእኔን ልብስ፣ የአቶ ድንቁን ልብስ፣ ሰሌኑን ሳይቀር በፈላ ውሃ ይነክራል። የራሱን ለመንከር ሁለታችንም እስክንነሣ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። ይህን አሁን ሳስበው ነው የሚገባኝ። ያን ጊዜ እየቃዠሁ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን አላበኝ። ሰሌኑ ራሰ። ከዚያ ተኛሁ።

ስነቃ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባ የፀሐይ ዘንግ መደቡ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ብናኙ በውስጡ ቀስ ብሎ ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ፣ ምንም ሳላስብ፣ ምንም ሳያመኝ፣ ከሁሉ ነገር የተረፈ ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ እንደሚበቃኝ ተሰማኝ። ጆሮዬ ስለ ደነቆረ ዓለም ሁሉ በጥጥ የተጠቀለለች ትመስል ነበር፤ ባቡሩ ሲመጣ የማውቀው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነው። ጋሼ በማንኪያ ወተት እየሰጠኝ፣ ቀስ በቀስ እያስቀመጠኝ፣ ከዚያም በሁለት እጁ ይዞኝ እስከ ደጃፉ ድረስ እንደ ሕፃን ሲያስኬደኝ፣ ነፋሱ ከአዋሽ በኩል የእርጥብ ሣር ሽታ ያመጣልኝ ነበር። ጸጉሬ እፍኝ እፍኝ ይነቀላል። አቶ ድንቁም ከእኔ አራት ቀን ቀደም ብለው ድነው ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ የጋሼ እጀ ጠባብ ጠቧቸው ክንዳቸው ወጥቷል።

«አቶ ድንቁ» አለ ጋሼ ጆሮዬ መከፈት ሲጀምር አንድ ጠዋት፣ «ዛሬም ያንኮራፋሉ። ሰንሰለቱ ላይ ሳለንም እንዲሁ ነበሩ።»

አቶ ድንቁ አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኩራት መስሎኝ ተናደድሁባቸው።

ጋሼን በሚቀጥለው ሰኞ አመመው።

«ወባ ነው» አለ። «አዋሽ ዳር ወርጄ አልነበር።» ኪኒን ዋጠ። ትኩሳቱ አልበረደም። ከቅንድቡ በላይ እጁን ሲያሳርፍ አየሁ። አወቅሁት።

ሐኪሙ መጣ። ደረቱን ገለጠ።

«ቲፉስ» አለ።

«በልጅነቱ ታሟል» አልሁ።

ሐኪሙ ጋሼን አየው። ጋሼ ጣሪያውን አየ። «ይደግማል ብዬ ነበር» አለ ሐኪሙ። ልብ የሚያበረታ የካምፎር መርፌ ወጋው። ልቡ ደክሟል፣ ብዙ ቀን አልተኛም፣ ምግቡንም ለእናንተ ሲሰጥ ነበር አለኝ።

እኔና አቶ ድንቁ አስታመምነው። ሁለታችንም ቆመን መቆየት አንችልም ነበር። አንዳችን ውሃ ሲሰጥ ሌላችን ይቀመጣል። ጣሳውን ለሁለት ጎትተን እናመጣለን። እሳቸው ጎኑን ሲያገላብጡት እጃቸው ከየት እንደሚገባ ያውቃል፤ እሱ እሳቸውን እንዳወቃቸው እሳቸውም አውቀውታል። አንድ ቀን እየቃዠ እጃቸውን ያዘ። «ፈርቻለሁ» አላቸው። «ለልጁ ግን አይንገሩት።» ቅዠት ነው ብዬ አለፍሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት ዓይኑ ጠራ። ባቡሩ ሲያፏጭ ሰማ።

«ባቡሩ ጠጣ?» አለኝ።

«ጠጣ፣ ጋሼ።»

ባቡሩ ወደ አዋሽ ሲነሣ አረፈ።

ቀብሩ ላይ ሰው ራቅ ብሎ ቆመ። አልፈርድባቸውም። ቃሬዛውን በሽታው ይዞ የለቀቀን ሰዎች ተሸከምን፤ ስንት ጊዜ መሬት እንዳስቀመጥነው አላስታውስም። አዴ ጫልቱ ከሩቅ በኦሮምኛ ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር።

በሣልስቱ፣ ጥቂቱ ለቀስተኛ ሲበተን፣ አቶ ድንቁ ብቻቸውን ቀሩ። ፀሐይዋ ከግራሮቹ በታች ነበረች። የጋሼን እጀ ጠባብ እንደ ለበሱ ነው።

«ካሣ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ሰምተህ ከፈለግህ አባርረኝ።»

እጀ ጠባቡን እያየሁ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ከወንድምህ ጋር ተቆራኝተን ሳለ በሰባተኛው ቀን አንድ እስረኛ በተስቦ ሞተ። ወንድምህ ቀኑን ሙሉ ተንቀጠቀጠ። ሰንሰለቱ ይንኳኳል። ሌባ ስለ ሆነ ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ኋላ ‹ይህ በሽታ ይዞኝ አያውቅም፤ ከዚህ ወስዶ ቢገድለኝ ልጁን ማን ያስተምረዋል› አለኝ። እንደ እሱ ተስቦን የሚፈራ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«በልጅነቱ ይዞታል» አልሁ።

«አልያዘውም። እሾሁን ሲሻገር ተኝቼ አየሁት። ቅዠት አልነበረም፤ ልቤ ደኅና ነበር። ‹አንተ እኮ አልያዘህም፣ ተመለስ› ልለው አፌን ከፈትሁ። ውሃ ይዟል። ጠጣሁ። ዝም አልኩ። በማግሥቱም ዝም አልኩ። መዳን ፈልጌ ነበር።»

ተነሥቼ ወጣሁ። እስከ ውሃው ጋን ድረስ ሄጄ እግሩን ተደግፌ ቆምሁ። ውሃ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የተናደድሁት በአቶ ድንቁ ነው፤ ቀጥሎ በጋሼ። ለምን ዋሸኝ? እውነቱን ቢነግረኝ ኖሮ ከአጠገቤ ሂድ እለው ነበር፤ ልብስህን ቀቅል እለው ነበር፤ እሾሁን አትሻገር ብዬ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። እንዲህ እያልሁ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ በአምስተኛው ቀን የጠማኝ ጥም ትዝ አለኝ። ማንኪያውን ይዞ ሲመጣ ከሩቅ አፌን እከፍት ነበር። ማን መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። ሂድ አልለውም ነበር። እኔም እጠጣ ነበር።

ጋሼ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አሁን አምናለሁ። ስለዚህ ነው የዋሸን። ፈርቶ እንደ ሄደ ብናውቅ ውሃው ጉሮሯችን ላይ ይቆም ነበር፤ እሱ ግን ያለ ሐሳብ እንድንጠጣው ፈለገ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ጀግና ማለት የማይፈራ ሰው ነው ብዬ እጽፍ ነበር። ወንድሜ ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱን ለራሱ አስቀርቶ ለእኛ ሳቁን ሰጠን።

ተመልሼ ስገባ አቶ ድንቁ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«እራት አልበሉም» አልኋቸው። አብረን በላን።

እንግዲህ ቤታችሁ ተስቦ ለገባባችሁ። በሽተኛውን አትሽሹ፤ ሐኪሙ እንዳለው ቅማሉን ሽሹ። ልብስ ቀቅሉ። ውሃ በማንኪያ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ባይጠይቅም ስጡ። ላቡ መጥቶ ትኩሳቱ ሲለቀው ዳነ ብላችሁ በአንዴ አታስነሡት። ከሁሉ በፊት ግን የአስታማሚውን ልብስ ቀቅሉ። ቅያሪ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ «አለኝ» ቢላችሁ አሳየን በሉት። እንዲተኛ አድርጉት፤ ሲበላም እዩት። እሱ አይነግራችሁም። ሐኪሙን፣ የባቡሩን ነጂ፣ ያለ ዕረፍት ወተት ያመጡልኝን አዴ ጫልቱን አመሰግናለሁ። ለጋሼ የሚሆን ቃል አላገኘሁም።

ከአቶ ድንቁ ጋር እራት በበላን በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ ጸጥታው ከበደኝ። «ወተት» የሚለው ድምፅ አልመጣም። ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠበቅሁ። ወጥቼ ሳይ የአዴ ጫልቱ ደጃፍ እሾህ ተጋርዷል።

ልብሴን ቀቅዬ ቅያሪዬን ለበስሁና ጣሳውን ይዤ ወደ ጣቢያ ሄድሁ። ነጂው ስለ ጋሼ አልጠየቀኝም፤ ሰምቷል። ቧንቧውን ከፍቶ ሞላልኝ። ዘወር ስል አቶ ድንቁ እንጨት ይዘው ቆመዋል። አንጠለጠልነው። ስንነሣ ውሃው ፈሰሰ።

«ግራህን አስቀድም» አሉኝ። «ሁለት ሰው አብሮ ሲሄድ እግሩ አንድ መሆን አለበት። ወንድምህ ነው ያስተማረኝ።»

ግራዬን አስቀደምሁ።

በአዴ ጫልቱ ደጃፍ ሰው ራቅ ብሎ ቆሟል። ሽማግሌው ይዞ የለቀቀው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

«እኔን ይዞኝ ለቆኛል» አልሁ። እውነት ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ ይደግማል ማለቱ ትዝ አለኝ። መዳፌ ላይ ላብ ነበር። በልብሴ ጠረግሁት።

«አዴ» ብዬ ወደ ውስጥ ተጣራሁ። «ላም ማለብ ልማር መጥቻለሁ።»

ከውስጥ ደካማ ሳቅ ሰማሁ። እሾሁን ተሻገርን።